በረዶ በጣና ዳር፦ ስለ ሰዓቱ የምንሳሳተው

«ምን ያህል ቢበርድ ነው በረዶ የጣለው!» በባሕር ዳር በየክረምቱ የምሰማው ቃል ነው። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ በረዶ የሙቀት ልጅ ነው። ረፋዱን ፀሐይ ምድሩን ስታግለው እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ፣ በጉና ተራራ በኩል፣ ደመናው እንደ ጥቅል ጎመን ይከመራል። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይጠቁራል። በሆዱ ውስጥ ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ የውኃውን ጠብታ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደሆነ ከፍታ ያደርሰዋል። ጠብታው ረግቶ ፍሬ ይሆናል፤ ሌላ ጠብታ በላዩ እየረጋ ይወፍራል፤ ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይወድቃል። ብርዱ የሚሰማን ቀዝቃዛው አየር አብሮት ስለሚወርድ ነው። በረዶ ማየት የፈለገ እንግዲህ ማለዳ አይጠብቅ፤ ከምሳ በኋላ ሰማዩን ይመልከት።

«ከመሸ በኋላ ሐይቁ ሰላም ነው» የሚለው ደግሞ ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ውኃ የቀን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ የብሱ ግን ሌሊት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ነፋሱ ከየዳርቻው ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፤ መካከል ላይ ተገናኝቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ነጎድጓዱም በውኃው ላይ ይወለዳል። ከተማው ላይ ኮከብ እየታየ ከዘጌ ማዶ መብረቅ ሲያበራ ብዙ ሌሊት ቆሜ አይቻለሁ። በዚያ ሰዓት በታንኳ መውጣት አይገባም።

ሜዳው ነጭ ለብሶ ሲያዩ «እንደ ፈረንጅ አገር ሆነ» የሚሉም አሉ። ስሙ አንድ ስለሆነ እንጂ ነገሩ ሁለት ነው። የፈረንጆቹ በረዶ ከእንፋሎት ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ እንደ ባዘቶ የቀለለ ነው፤ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ባሕር ዳር ሳይደርስ በመንገድ ይቀልጣል። የእኛው ጠጠር ግን ከባድና ፈጣን ስለሆነ ሳያልቅ ይደርሳል።

«ታዲያ ኢትዮጵያ ባዘቶውን አይታ አታውቅም» ማለትም ስሕተት ነው። ኮስማስ የተባለው ተጓዥ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ ከአዱሊስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ የሰሜን ተራሮች ሰውን እስከ ጉልበቱ በሚያሰጥም በረዶ የተሸፈኑ እንደሆኑ ይናገራል። ዛሬም ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሽን ዙሪያ ነጩን ማየት የሚሻ በማለዳ መነሣት አለበት፤ ፀሐይዋ ከበረታች ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው እርጥብ ድንጋይ ነው።