ሞላ ያለው ወይስ የሌለው? ስለ ኪስ ሰንጢ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ካርቶን ስቀድ፣ ገመድ ስቆርጥ፣ የታሸገ ዕቃ ስከፍት ከኪሴ የማትጠፋ አንዲት ሰንጢ አለችኝ። በፊት ባለ ሞላ ነበር የምይዘው። አሁን የያዝኳት ሞላ የላትም። የሚያውቁኝ ሰዎች "ምነው ወደ ኋላ ተመለስክ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ወደ ኋላ የተመለስኩ አይመስለኝም። ጥያቄው ራሱ ከተሳሳተ ቦታ ነው የሚነሳው፤ ሞላ ያለው የተሻለ፣ የሌለው ያነሰ ነው ከሚለው ግምት።

መጀመሪያ ስም እንለይ። ሞላ አልባው ሰንጢ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣታችሁ ጉልበት ይከፈታል። ባለ አጋዥ ሞላው ግን እናንተ ትጀምሩታላችሁ፣ ሞላው ይጨርስላችኋል። አውቶማቲክ የሚባል ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ብዙው ግርግር የሚመጣው በእሱ ምክንያት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ባለ አጋዥ ሞላ ማለት ያው አውቶማቲክ ማለት ነው"

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ሁለቱም ቀጭ ብለው ነው የሚከፈቱት። ቆሞ ለሚያይ ሰው አይለዩም። ልዩነታቸው የሚታየው ተዘግተው ሲቀመጡ ነው።

አውቶማቲኩ ተዘግቶም ሳለ ሞላው ስለቱን ወደ ውጭ እየገፋው ነው። ስለቱ የማይወጣው ማገጃ ስለያዘው ብቻ ነው። እጀታው ላይ ያለችውን መጫኛ ስትጫኑ ማገጃው ይለቀዋል፣ ስለቱም ይወረወራል። ስለቱን በጣታችሁ አልነካችሁትም።

በባለ አጋዥ ሞላው ነገሩ ተገልብጧል። ሲዘጋ ስለቱ የሚያዘነብለው ወደ ውስጥ ነው። ለመክፈት ራሱን ስለቱን መግፋት አለባችሁ። ወይ ጎኑ ላይ የተተከለችውን ጉብታ በአውራ ጣት፣ ወይ ከእጀታው ጀርባ ብቅ ያለችውን የስለቱን ጆሮ በሌባ ጣት። ስለቱ ጥቂት ሄዶ አንዲት ነጥብ ሲያልፍ ሞላው ሐሳቡን ይቀይራል። የግድግዳ ላይ የመብራት ማብሪያን አስቡት። መሃል ላይ አይቆምም፤ ወይ ወዲህ ይወድቃል ወይ ወዲያ። ሞላውም እንደዚያ ነው፤ ከነጥቧ በፊት ይዘጋል፣ ከነጥቧ በኋላ ይከፍታል።

በዚህ አሠራር ስማቸው የሚነሳው ብላኪ ኮሊንስና ኬን ኦኒየን የተባሉ አሜሪካውያን ቢላ ሠሪዎች ናቸው። ጊዜው 1990ዎቹ ነው። የኦኒየን ዘዴ ስፒድሴፍ ይባላል፤ ከርሾው የተባለው ኩባንያ ይዞት ገበያ ወጣ። አብዛኛው ሰው ባለ አጋዥ ሞላን ያወቀው በዚያ በኩል ነው። ውስጡን ብትከፍቱት ብዙ ጊዜ የምታገኙት የተጠቀለለ ሞላ ሳይሆን አንዲት ቀጭን የታጠፈች የብረት ዘንግ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሳያት "ይህቺ ናት እንዴ?" ብያለሁ።

ታዲያ "ወደ መዘጋት ያዘነብላል" የሚለው የመካኒክ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕግ ውስጥም ገብቷል። አሜሪካ በ1958 አውቶማቲክ ሰንጢ ከግዛት ግዛት እንዳይነገድ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ አውጥታ ነበር። በ2009 ሕጉ ሲሻሻል ወደ መዘጋት የሚያዘነብልና ለመክፈት ስለቱን በእጅ መግፋት የሚጠይቅ ሰንጢ ከክልከላው ውጭ መሆኑ በግልጽ ተጻፈ።

"አውቶማቲክ እስካልሆነ ድረስ የትም ይዤው ብሄድ ችግር የለም"

አለ እንጂ! አሁን ያወራሁት የአሜሪካን ፌዴራል ሕግ ነው። እዚያው አሜሪካ ውስጥ እንኳ ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ብሪታንያን ተሻግራችሁ እዩ። አውቶማቲክ ሰንጢ መሸጥ እዚያ የተከለከለው በ1959 ነው። በ2019 የወጣው ሕግ ደግሞ ትርጉሙን አሰፋው። ከዝግ ወደ ክፍት የሚወረወረው ብቻ ሳይሆን፣ በከፊል ተከፍቶ ቀሪውን ራሱ የሚጨርሰውም ተካተተ። ይህ እንግዲህ የባለ አጋዥ ሞላው ትክክለኛ መግለጫ ነው። ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ በእንግሊዝ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ራሱ ወንጀል ሆኗል። አንዱ አገር "ይህ አውቶማቲክ አይደለም" ብሎ የለየውን ዕቃ ሌላው "ያው ነው" ብሎ ደምሮታል።

ሞላ አልባውስ ነፃ ነው? እሱም ገደብ አለው። በእንግሊዝ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚቻለው ስለቱ ሲከፈት የማይቆለፍና ከ3 ኢንች (7.62 ሴንቲ ሜትር) የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው። ሞላ ባይኖረውም መቆለፊያ ካለው ምክንያት ትጠየቃላችሁ። ስለዚህ የምትኖሩበትንና የምትሄዱበትን አገር ሕግ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ። ሻጩ "ይቻላል" ስላላችሁ አይቻልም።

"ሞላ ያለው በጣም ይፈጥናል"

ይፈጥን ይሆናል፤ ግን ከምን ጋር ተወዳድሮ? በጥፍር እየጎተትን ከምንከፍተው የጥንት ሰንጢ ጋር ከሆነ አዎ። በደንብ ከተሠራ የዛሬ ሞላ አልባ ጋር ከሆነ ግን ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቸግራል።

ምክንያቱም ሞላ አልባው ባለበት አልቆመም። በ1981 ስፓይደርኮ የተባለው ኩባንያ ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ሰንጢ አወጣ። አውራ ጣት ቀዳዳው ላይ ታርፋለች፣ ስለቱ በአንድ እጅ ይከፈታል። ያቺው ሰንጢ ኪስ ጠርዝ ላይ የምትሰካ ክሊፕም ነበራት። ዛሬ ብዙ ሰንጢ ላይ የምናየው ክሊፕ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

በኋላ ጆሮ ያላቸው ሞላ አልባዎች በዙ። እነዚህ ውስጥ አንዲት ብልሃት አለች። ስለቱ ሲዘጋ አንዲት ጥቃቅን የብረት ኳስ ስለቱ ላይ ባለች ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ትይዘዋለች። ጆሮውን ስትጫኑ ኳሷ መጀመሪያ እምቢ ትላለች። ጣታችሁ ጉልበት ያጠራቅማል። ከዚያ ድንገት ስትለቅ የተጠራቀመው ጉልበት ስለቱን እስከ መጨረሻው ይወረውረዋል። ጣት እንደ ማጮህ ያለ ነገር ነው፤ ሁለት ጣቶች ተጫጭነው ሲለቃቀቁ ጧ እንደሚሉት። ማጠፊያው ላይ ኩሽኔታ ካለ ደግሞ ስለቱ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው።

ደግሞስ ካርቶን ለመቅደድ ምን ያጣድፈናል? "ድንገት ራሴን ለመከላከል" የሚሉ አሉ። የኪስ ሰንጢ የጦር መሣሪያ ሳይሆን የሥራ ዕቃ ነው። ሰው ለመጉዳት ብሎ የያዘው ሰው በብዙ አገር ሕግ ፊት ሰንጢው ምንም ዓይነት ቢሆን ጥፋተኛ ነው።

"ሞላው ከፍቶ ስለሚይዘው ስለቱ ጣቴ ላይ አይታጠፍም"

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ደም የሚያፈሰው ይህኛው ስህተት ነው። የኔንም ጭምር አፍስሷል።

የአጋዥ ሞላው ሥራ ስለቱ ሲከፈት ያበቃል። ከዚያ በኋላ ስለቱን ይዞ የሚያቆመው መቆለፊያው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። ሞላው ስለቱን ወደ መከፈት በትንሹ ይገፋው ይሆናል፤ የእጃችሁን ጉልበት ግን በፍጹም አይችለውም።

መቆለፊያ ብዙ ዓይነት ነው። በጣም የተለመደው ከእጀታው ውስጥ ያለ ስስ ላሜራ ነው። ስለቱ ሲከፈት ላሜራው ወደ ጎን ይመጣና ከስለቱ ተረከዝ ስር ይገባል። የዛሬውን መልክ የሰጠው ማይክል ዎከር የተባለ ቢላ ሠሪ ነው። ሌላው ቢላ ሠሪ ክሪስ ሪቭ ሰቤንዛ በተባለው ሰንጢው ላይ ላሜራውን ትቶ የእጀታውን አንዱን ጎን ራሱን መቆለፊያ አደረገው። ባክ 110 የተባለውን በመሳሰሉት ሰንጢዎች ላይ መቆለፊያው ከእጀታው ጀርባ የሚጫኑት ዘንግ ነው። ኦፒኔል የተባለው ሰንጢ ደግሞ በጣት የሚዞር ቀለበት አለው። ሁሉም ባለ ሞላም ሞላ አልባም ሳይሉ አንድ ዓይነት እንክብካቤ ይፈልጋሉ።

የኔ ታሪክ አጭር ነው። ቀኑን ሙሉ በፕላስተር የታሸጉ ካርቶኖች ስከፍት ውያለሁ። የፕላስተሩ ሙጫ ከአቧራ ጋር ተለውሶ ማጠፊያው ውስጥ ገብቷል። አላየሁትም። ሰንጢው እንደ ልማዱ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ድምፁን ሰምቼ አመንኩ። ላሜራው ግን ከተረከዙ ስር በደንብ አልገባም ነበር። ጫፉን ወግቼ ስጠመዝዝ ስለቱ ሌባ ጣቴ ላይ ተመልሶ ታጠፈ። ስለት ድጉሱን ይባል የለ? እኔ ድጉሱን ሆንኩ።

ሞላ አልባ ብይዝ ኖሮ አይደርስብኝም ነበር አልልም። ይደርስ ነበር። ግን ሞላው አንድ ነገር ደብቆኛል። በእጅ ስትከፍቱ ቆሻሻ ካለ ጣታችሁ ይሰማዋል፤ ስለቱ ይደነቃቀፋል። ሞላው ግን ቆሻሻውን አልፎ በጉልበት ይከፍተዋል፣ ድምፁም ያው ነው። ስለዚህ ባለ ሞላ የምትይዙ ሰዎች ጆሯችሁን አትመኑ። ከፍታችሁ መቆለፊያው የት እንደደረሰ በዓይናችሁ እዩ።

"ባለ ሞላው ኪስ ውስጥ ይከፈታል"

በአብዛኛው አይከፈትም፤ ዝንባሌው ወደ መዘጋት ነው ብለናል። ግን ዘበት ነው ብሎ መተውም ልክ አይደለም። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ ሲንከራተት የሆነ ነገር ጆሮውን ሊገፋው ይችላል። ሞላ አልባው ትንሽ ቢገፋ ትንሽ ይከፈትና ይቆማል። ባለ ሞላው ነጥቧን ካለፈ ግን መጨረሱ አይቀርም። ለዚህ ብለው አንዳንድ ሠሪዎች በጣት የምትንሸራተት ትንሽ ማገጃ ይጨምሩበታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በክሊፑ ኪስ ጠርዝ ላይ ሰክቶ፣ የስለቱን ጀርባ ወደ ኪሱ ስፌት አስደግፎ መያዝ ነው። ስለቱ ልውጣ ቢል ስፌቱ ይይዘዋል።

"ሞላው ቢሰበር ምን ችግር አለ፣ ሞላ አልባ ይሆናል"

እኔም እንደዚህ ነበር የማስበው። ሞላ ይደክማል፣ ይሰበራልም። የኔው ሲሰበር ስለቱ አሁንም ይከፈታል ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ሳወጣው ስለቱ ጫፉን ብቅ አድርጎ ጠበቀኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያቺን የብረት ኳስ አስታወሳችኋት? ብዙ ባለ አጋዥ ሞላ ሰንጢዎች ላይ ኳሷ ወይ የለችም ወይ ደካማ ናት። ስለቱን ዝግ አድርጎ የሚይዘው ሞላው ራሱ ነው። ስለዚህ ሞላው ሲሄድ መክፈቻውን ብቻ አይደለም የምታጡት፤ መዝጊያውም አብሮ ይሄዳል። ሞላው የተሰበረ ሰንጢ እስኪጠገን ኪስ አይገባም። ሞላ አልባ ሆኖ የተሠራና ሞላው የወለቀበት ሰንጢ አንድ አይደሉም።

ጥገናውም ይለያያል። ሞላ አልባውን ብሎኑን ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ ጠብታ ዘይት ጨምሮ መግጠም ማንም ይችላል። ባለ ሞላው ሲፈታ የሞላው ቀጭን ዘንግ ተስፈንጥራ ልትጠፋ ትችላለች። መልሶ መግጠሙም ትዕግሥት ይፈትናል። ሆኖም ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጓንት ላደረገ ወይም የጣቱ መገጣጠሚያ ለሚያመው ሰው ሞላው እውነተኛ እርዳታ ነው።

"ሞላ አልባ የድሮ ነው፣ ርካሽ ነው"

የድሮ መሆኑስ እውነት ነው። ኦፒኔል በ1890 ነው የተጀመረው፣ ቀለበቱ የተጨመረለት በ1955። የስዊስ ወታደሮች ሰንጢ ከ1891 ጀምሮ አለ። ሁለቱም ዛሬም ይሠራሉ። ርካሽ የሚለው ግን አይሄድም። ከላይ ያነሳሁት ሰቤንዛ ሞላ የለውም፤ በዋጋው ብዙ ባለ ሞላ ሰንጢ ይገዛል። ዋጋን የሚወስነው የብረቱ ዓይነት፣ የአሠራሩ ጥራትና እጀታው ነው።

"ለመክፈት የሚቀል ለመዝጋትም ይቀላል"

ግልባጩ ነው። ሞላው ሲከፈት የሰጣችሁን ጉልበት ሲዘጋ መልሱልኝ ይላል። ስለቱን ስትዘጉ ሞላውን እየገፋችሁ ነው፤ ነጥቧን ሲያልፍ ደግሞ በድንገት ወደ ውስጥ ይሳባል። ላሜራ መቆለፊያ ያለው ከሆነ መቆለፊያውን የያዘችው አውራ ጣት በስለቱ መንገድ ላይ ናት። ሞላ አልባው በራሳችሁ ፍጥነት ይዘጋል፤ ጣታችሁን ለማንሳት ጊዜ አላችሁ።

ሱቅ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ የሚሞክረው መክፈቱን ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ደስ ይላል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። እናንተ መዝጋቱን ሞክሩ። ሃያ ጊዜ፣ በአንድ እጅ፣ ቀስ ብላችሁ። አሥረኛው ላይ አውራ ጣታችሁ መሸሽ ከጀመረች ሰንጢውን ለሻጩ መልሱለት።