ኬብል ቦልት፦ የከሰል ዋሻን ጣራና ጎን የሚይዘው የብረት ገመድ

ኬብል ቦልት ከብረት ሽቦዎች የተገመደ ረጅም ቡሎን ነው። የድንጋይ ከሰል በሚወጣባቸው የመሬት ውስጥ ዋሻዎች ጣራው እንዳይናድ፣ ጎኑም እንዳይፈርስ አለቱ ውስጥ ይቀበራል። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ የከሰል ዋሻ የለም። ነገሩን ለመረዳት ግን ጎጃም ጥሩ ቦታ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ የምድርን ንብርብር ገላልጦ ያሳያል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ከሱ ሥር የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ዝቅ ሲባል ጀሶ ያለበት ንብርብር፣ ከዚያም አሸዋማ ድንጋይ ይገኛል። በየመሃሉ በእጅ የሚፈረፈር ስስ የጭቃ ድንጋይ ይገባል። የከሰል ዋሻ ጣራም እንዲሁ የተነባበረ ነው። መዘዙም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ከሰሉ ሲወጣ ከላይ ያለው ንብርብር መደገፊያ ያጣል። አንዱ ከሌላው ይላቀቅና ወደ ታች ይጎብጣል። ለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት የፌሮ ቦልት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ1.8 እስከ 2.4 ሜትር ይረዝማል። ሳንቃዎችን ደራርቦ በሚስማር እንደመምታት ነው፤ ለየብቻ የሚጎብጡት አንድ ላይ ሲሆኑ ይጠነክራሉ። የላላው ድንጋይ 4 ሜትር ከፍታ ድረስ ቢዘልቅስ? ያን ጊዜ ቦልቱም፣ የያዘው ድንጋይም አብረው ይወርዳሉ። ኬብል ቦልት የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ከላላው አልፎ ጠንካራውን አለት ይይዛል፤ የታችኛውንም እዚያ ላይ ያንጠለጥላል።

ታዲያ ለምን ረጅም ፌሮ አይገባም? ዋሻው ራሱ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሜትር ነው። 6 ሜትር ፌሮ እዚያ ውስጥ ማቆም አይቻልም። ገመድ ግን ይታጠፋል። ተጠቅልሎ ይመጣል፣ እየተፈታ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ለእኔ የዚህ ነገር ብልሃት በሙሉ ያለው በዚህች መታጠፍ ላይ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ገመድ ሰባት ሽቦ ያለው ሲሆን ውፍረቱ 15.2 ሚሊሜትር ነው። ስድስቱ ሽቦዎች በመሃለኛው ላይ ይጠመዘዛሉ። አንዱ ገመድ 26 ቶን ገደማ ሳይበጠስ ይሸከማል። ክብደቱ ግን በሜትር ከአንድ ኪሎ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዘመዱን ዓባይ ላይ ማየት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን እርዳታ የተሠራውን 303 ሜትር ድልድይ የሚያግዙት ኬብሎችም የዚሁ የጠንካራ ሽቦ ቤተሰብ ናቸው።

ሒሳቡን እንሥራው። ዋሻው 5 ሜትር ይስፋ፤ የላላው ጣራ ውፍረት 3 ሜትር ይሁን። አንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ 2.5 ቶን ቢመዝን በእያንዳንዱ የዋሻ ሜትር ላይ 37.5 ቶን ተንጠልጥሏል ማለት ነው። አንድ ገመድ አይበቃም። ሁለት ከተደረገ 52 ቶን ይሆናል። ይህ ግን ጫፉ ጠንካራ አለት ካገኘ፣ ማጣበቂያውም በደንብ ከያዘ ብቻ ነው።

ማጣበቂያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በላስቲክ ታሽጎ እንደ ቋሊማ የሚመጣ ሬዚን ነው። ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ገመዱ ከኋላው ይገፋል፣ ከዚያ ማሽኑ ያሽከረክረዋል። ላስቲኩ ይቀደዳል፤ ሬዚኑና ማጠንከሪያው ተቀላቅለው ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቃሉ። ሁለተኛው ሲሚንቶ በውሃ በጥብጦ በፓምፕ መሙላት ነው። ይህኛው ሙሉውን ርዝመት ይይዛል፤ እስኪጠነክር ግን ይዘገያል። ሽቦው ለስላሳ ስለሆነ እንዳይንሸራተት ገመዱን በየቦታው እንደ አምፖል የማስፋት ዘዴም አለ። ከታች የብረት ሳህን ይደረግና በሽብልቅ ይቆለፋል። ብዙ ቦታ በሃይድሮሊክ ክሪክ ይወጠራል።

ገመዱን ለዚህ ሥራ መጠቀም የተጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካናዳና በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓዶች ነው፤ እነዚያ ግን የከሰል አልነበሩም። የአሜሪካ የከሰል ማውጫዎች በሰፊው የያዙት በ1990ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት አስቸጋሪ ቦታ ላይ ግንድ በግንድ ተቆልሎ ጣራውን ይደግፍ ነበር። ግንዱ ቦታ ይይዛል፣ አየር ይዘጋል፣ ማመላለሱም ጣጣ ነው። ባሕር ዛፍ ለሞላበት አገር ሰው አጣናው ርካሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ስንት መኪና እንደሚፈጅ ሲታሰብ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በየሜትሩ ኬብል አይቀበርም፤ ውድ ነው። ሁለት ዋሻ በሚገናኝበት መስቀለኛ ቦታ፣ አለቱ በተሰነጠቀበትና ከባድ ጫና በሚመጣበት ቦታ ይበዛል።

ጎን ሌላ ጉዳይ ነው። የዋሻው ጎን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ከሰል ነው። ጥልቀቱ ሲጨምር እየተላጠ ይወድቃል። እንደ ጣራው ስለማያስፈራ ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ከሰው ቁመት የሚረዝም የከሰል ገበታ ግን ይገድላል። ብዙውን ጊዜ እዚህ አጭር ቦልትና የሽቦ መረብ ይበቃል። ምሶሶ ሆኖ የሚቀረው ከሰል ወደ ውስጥ ርቆ ሲሰነጠቅ ረጅም ኬብል ይገባል። ነገ ማሽን በሚቆርጠው በኩል ግን ብረት አይመከርም፤ የማሽኑን ጥርስ ይሰብራል፣ ብልጭታም ያመጣል። እዚያ የሚገባው ሊቆረጥ የሚችል የፋይበርግላስ ቦልት ነው። ከሰሉ በጫና ሲፈነዳ ደግሞ ቦልት ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2007 በዩታ ክራንዳል ካንየን ስድስት ሠራተኞች ተቀብረው ቀሩ። ሊያወጧቸው ከገቡት ሦስቱ የሞቱት ጎኑ ፈንድቶባቸው ነው።

የቦልት ክፉ ጠባዩ አለመታየቱ ነው። ግንድ ሲጨነቅ ይጮኻል፣ ይሰነጠቃል። የተቀበረ ገመድ ግን ውስጥ ውስጡን ይዝጋል። የሬዚኑ ላስቲክ ሳይቀደድ ተጠቅልሎበት ምንም ሳይዝ ሊቀርም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በእንግሊዝ ቢልስቶርፕ በቦልት የተደገፈ መተላለፊያ ተንዶ ሦስት ሰው ሞተ። ስለዚህ ጣራው ላይ ቴልቴል የሚባል መለኪያ ይሰቀላል። ከላይ በአለቱ የተያዘ ሽቦ ነው፤ ከታች ባለ ቀለም ቀለበቶች አሉት። ጣራው ሲወርድ ቀለሞቹ ተራ በተራ ይሸፈናሉ። አንዱን ሽቦ በቦልቱ ቁመት ውስጥ፣ ሌላውን ከዚያ በላይ ማሰር የተለመደ ነው። እንቅስቃሴው ከቦልቱ በላይ ከሆነ ኬብል መጨመር ግድ ይላል።

በጎጃም ምድር ለውስጥ ሥራ የሚጠቀሰው በለስ ነው። 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ተርባይኖቹ ከመሬት በታች ናቸው፤ ከጣና ውሃ የሚያመጣው ዋሻም 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ያ ግን የውሃ ዋሻ ነው። ታዋቂው የከሰል ክምችት ያለው ከጣና ማዶ፣ ጭልጋ ነው። ሊግናይት የሚባለው ለጋ ከሰል ነው፤ ከጭቃ ድንጋይ ጋር ተነባብሯል። የጭቃ ድንጋይ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ቦልትም በደንብ አይዝም። የአገራችን ከሰል በአብዛኛው ከላይ እየተገለጠ ስለሚወጣ እስካሁን ጥያቄው ብዙም አልተነሳም። እንዲህ ባለ ድንጋይ ውስጥ ዋሻ ሊቆፈር ሲታሰብ ጥቂት ቦልቶች አስቀድመው ተቀብረው በክሪክ ይጎተታሉ። ስንት ቶን ላይ እንደሚንሸራተቱ ይለካል። የገመዱ ርዝመትና ብዛት ሲወሰን ይህ ልኬት አንዱ መነሻ ነው።