ሴንሰር ምንድን ነው? የድሬ ሙቀት የሚያደናግረው መብራትስ?

ሴንሰር ማለት በዙሪያው ያለን አንድ ነገር፣ ሙቀት ይሁን ብርሃን ወይም ግፊት፣ ለክቶ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር ዕቃ ነው። አብዛኛው በጣም ትንሽ ስለሆነ ዓይን ውስጥ አይገባም። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ ላይብረሪ ሲል ስንቱን አልፎት እንደሚሄድ ልብ አይለውም። ልብ ብትሉት ግን ደስ ይለኛል። ፊዚክስ ላይ የሸመደድነው ነገር ሥራ ላይ ሲውል የሚታየው እዚያ ነው።

በሶላር የሚሠራ የመንገድ መብራት ሲመሽ ማን ያበራዋል? ብዙዎቹ ለብቻው የተገጠመ የብርሃን ሴንሰር እንኳን የላቸውም። ቀን ኃይል ሲሰበስብ የዋለው ፓኔል ራሱ ነው ሴንሰር የሚሆነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ መቆጣጠሪያው ይህን ሲያገኝ መብራቱን ያበራል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ሰው ሲያልፍ የሚበራው መብራት ነው። ከፊቱ ጉልላት የመሰለች ነጭ ፕላስቲክ አለችው። ሰውነታችን ሙቀት ስላለው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ የሚባል ጨረር ይለቃል። ከፕላስቲኳ ጀርባ ይህን ጨረር የሚቀበሉ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን አሉ። ሁለቱም እኩል ካገኙ ዝም ነው። ሰው ሲያልፍ ግን አንደኛው ቀድሞ ያገኛል፣ ልዩነት ይፈጠራል፣ መብራቱ ቦግ ይላል። ስለዚህ ሳይንቀሳቀስ ቁጭ ብሎ የሚያጠና ተማሪ ለሱ የለም ማለት ነው። ድንገት ድርግም ሲልባችሁ እጃችሁን የምታወዛውዙት ለዚህ ነው።

አሁን ድሬን አስቡት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የሰው ቆዳም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ግድግዳውም ሰውየውም እኩል ሲግሉ ሴንሰሩ የሚይዘው ልዩነት ያጣል። ወይና ደጋዋ ሐረር ላይ ከሩቅ የሚለይ ዕቃ እዚህ በጣም ካልቀረባችሁት ላይነቃ ይችላል። ተበላሽቷል ተብሎ ስንቱ ተነቅሎ ይሆን! መጀመሪያ ሌሊት ቀዝቀዝ ሲል ሞክሩት። ደግሞ ፊት ለፊት ወደሱ ከምትሄዱ በጎን አቋርጣችሁ እለፉ፤ ሁለቱን ክፍሎች ተራ በተራ የምትነኩት እንደዚያ ስታልፉ ነው።

የተቀረው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ስልክ ጆሮ ላይ ስታስጠጉት ስክሪኑ የሚጠፋው፣ በብዙ ስልኮች ከላይ በኩል ያለች ሚጢጢ ሴንሰር ኢንፍራሬድ ለቅቃ ተመልሶ የሚመጣውን ስለምትለካ ነው። አቧራ ወይም በደንብ ያልገጠመ ስክሪን ፕሮቴክተር ከጋረዳት ጆሮ የቀረበ ይመስላታል። ስልኩን ከጆሯችሁ ብታነሱትም ስክሪኑ እንደጠቆረ ይቀራል። እንዲህ ካደረገባችሁ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ፕሮቴክተሩን ላጥ አድርጉና አንዴ ደውሉ።