ስለ ኒውክሌር ሠራተኞችና ስለ ትንሽ ጨረር የሚወራው እና እውነታው

ጨረር ሲነሳ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «ትንሽ ከሆነ ምንም አይልም» ይላል፤ ሌላው ስሙን ሲሰማ ይበረግጋል። ሁለቱንም የሚያርም ጥናት አለ፤ ኢንዎርክስ ይባላል። የፈረንሳይ፣ የብሪታንያና የአሜሪካ ኒውክሌር ሠራተኞችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ውጤቱ 309,932 ሰዎችን ይዟል።

«ማን ምን ያህል ጨረር እንዳገኘው በምን ይታወቃል? ግምት ነው»

ተለክቶ ነው። እንደ አሜሪካው የሃንፎርድ ኒውክሌር ጣቢያ ባሉ ቦታዎች ሠራተኛው ከ1940ዎቹ ጀምሮ ባጅ አድርጎ ነው የሚሠራው። በድሮዎቹ ባጆች ውስጥ ትንሽ የፎቶ ፊልም ነበር፤ ጨረር ሲያርፍበት ይጠቁራል። ፊልሙ በየጊዜው ይታጠብ፣ ጥቁረቱ ይለካ፣ ቁጥሩ በሠራተኛው ስም ይመዘገብ ነበር። ኤክስሬይ ክፍል የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ የዚህን ባጅ ዘመድ አይታችሁ ይሆናል። የድሮዎቹ እንከን አላጣቸውም፤ ኒውትሮን የሚባለውን የጨረር ዓይነት በደንብ አይዙም ነበር። ቢሆንም ከሂሮሺማ አቶም ቦምብ የተረፉ ሰዎች ያገኙት የጨረር መጠን በኋላ የተሰላው፣ ቦምቡ ሲፈነዳ የት እንደነበሩ ተጠይቀው ነው። ከዚያ ይሄ ይሻላል።

«የኒውክሌር ሠራተኛ ከሌላው ሕዝብ ያነሰ ይሞታል፤ እንዲያውም ጨረር ጤና ይሰጣል»

የመጀመሪያው ግማሽ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁለተኛው ግን አይከተለውም። ሰውየው ሲቀጠር በሐኪም ታይቷል፤ ቋሚ ደሞዝ አለው፤ የታመመው ደግሞ ቀድሞውንም አልተቀጠረም። ከአጠቃላይ ሕዝብ ጋር ካወዳደርነው ገና ከመነሻው ይበልጣል። ስለዚህ አጥኚዎቹ ሠራተኛን ከሠራተኛ ጋር አወዳደሩ፤ ብዙ ጨረር ያገኘውን ትንሽ ካገኘው፣ በዕድሜም በአገርም ከሚመስለው ጋር። ያኔ በካንሰር የሚደርሰው ሞት ጭማሪ ብቅ አለ።

«ቀስ በቀስ የሚገባ ጨረር አይጎዳም»

ብዙው የጨረር እውቀታችን የመጣው ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ነው። እዚያ ጨረሩ የመጣው በአንድ ጊዜ ነው። በዓመታት ተከፋፍሎ ሲመጣ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ስሌትም ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። የሠራተኞቹ መረጃ ይህንን አልደገፈም። ከደም ካንሰር ውጪ ባሉ ካንሰሮች የሚደርሰው ሞት በ1 ግሬይ (ግሬይ ሰውነት ያገኘው የጨረር መጠን መለኪያ ነው) 52 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ100 ሚሊግሬይ በታች ያሉትን ብቻ ለይተው ሲያዩም ጭማሪው አልጠፋም።

«እንግዲያው እዚያ የሠራ ሁሉ አለቀለት»

ረጋ በሉ። 1 ግሬይ ማለት 1,000 ሚሊግሬይ ነው። ጨረር ካገኛቸው ሠራተኞች አማካዩ ሰው በሥራ ዘመኑ በሙሉ ያገኘው 20 ሚሊግሬይ አካባቢ ነው። ስናሰላው ጭማሪው 1 በመቶ ገደማ ይሆናል፦ ያለ ጨረር 100 ሰው በካንሰር ይሞትበት የነበረ ቡድን 101 ይሆናል። ያንን አንድ ሰው ለማየት ነው ሦስት መቶ ሺህ ሠራተኛ ያስፈለገው። በሉኪሚያ (በደም ካንሰር) የጭማሪው ፍጥነት ከዚህ ይበልጣል፤ ግን በሽታው ራሱ ብርቅ ነው።

«ሲጋራው ነው እንጂ ጨረሩ አይደለም»

ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ማን እንደሚያጨስ በየሰዉ አልተመዘገበም። ግን የሳንባ ካንሰርን አውጥተው ሲያሰሉ ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም።

«ሠራተኛው ጨረሩን ለቤተሰቡ ያጋባል»

ከውጭ መጥቶ ሰውነትን አልፎ የሚሄድ ጨረር ሰውየውን ጨረር አመንጪ አያደርገውም። ሌላ ጣጣ ያለው ልብስና ቆዳ ላይ የሚቀር ራዲዮአክቲቭ ብናኝ ነው። ሠራተኞች እንዲህ ካለ ቦታ ሲወጡ የሥራ ልብሳቸውን ጥለው፣ በመለኪያ ተፈትሸው የሚያልፉት ለዚህ ነው።