«አንገስ ነው» ስለተባለ ብቻ አይጣፍጥም፦ ስለ ውድ በርገር የምሰማቸው ስህተቶች

ቨርጂኒያ ውስጥ በርገር ቤት ኩሽና ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ግሪል ላይ ጀምሬ የኩሽና ኃላፊ እስከመሆን ደርሻለሁ። ስለዚህ ሐበሻ በተሰበሰበበት ቦታ የበርገር ነገር ከተነሳ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ብጠየቅ ደስ ይለኛል። የማይዋጥልኝ፣ መልሴን ሳልጨርስ «አይ፣ ይሄኛው እኮ አንገስ ነው» ብለው አፌን ሲያስይዙኝ ነው። አንገስ የከብት ዝርያ ነው፤ ስሙ ከተጠራ ግን ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላቸዋል። ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ለምን እንደከፈሉ ግን አያውቁም።

ስሙ ሰፈር ሁሉ የገባው ማክዶናልድስ በ2009 «አንገስ ሰርድ ፓውንደር» የሚባለውን ባለ ሲሶ ፓውንድ በርገር በመላው አሜሪካ ሲያወጣ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሦስት ዓይነት ነበር የሚሸጠው፦ ዴሉክስ፣ ቤከንና ቺዝ፣ እንጉዳይና ስዊስ ቺዝ። ዋጋው 4 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለዚያን ጊዜ ማክዶናልድስ ውድ ነው። በ2013 ከሜኑ ወጣ። ከእሱ በፊትም በኋላም ሌሎች ኩባንያዎች ተመሳሳይ በርገር ሸጠዋል፣ ዛሬም ይሸጣሉ። እኔን የሚያደክመኝ በርገሩ አይደለም። አብሮት የመጣው ወሬ ነው።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልጨርስ።

«ሃምበርገር የአሳማ ሥጋ አለው።» የለውም። ሥጋው የከብት ነው። ቤከን የተጨመረበት ከሆነ ግን ቤከኑ አሳማ ነው። አሳማ የማይበላ ሰው «ያለ ቤከን» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ ሁለቱ አንድ ግሪል ላይ ይጠበሱ እንደሆነ ይጠይቅ።

«አሳማ ከሌለው ሐላል ነው።» አይደለም። ይህን የምሰማው በተለይ ከገልፍ አገሮች ከሚመጡ ልጆች ነው። ዱባይ ያለው ማክዶናልድስ ሐላል ሥጋ ያቀርባል። አሜሪካ ያለው ስሙ አንድ ነው፣ ሥጋው ግን ሐላል ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። ታፔላውን ብቻ አይታችሁ አትግቡ።

«100 ፐርሰንት የበሬ ሥጋ ማለት ምርጥ ሥጋ ማለት ነው።» ሌላ ነገር አልተቀላቀለበትም ማለት ብቻ ነው። ስቡም የበሬ ነው። በአሜሪካ ሕግ የተፈጨ የበሬ ሥጋ እስከ 30 ፐርሰንት ስብ ሊኖረው ይችላል። ሲሶ የሚጠጋው ስብ ሆኖም 100 ፐርሰንት የበሬ ሥጋ ይባላል።

«ውዱ በርገር ለጤና የተሻለ ነው።» የአንገሱ ቤከንና ቺዝ 790 ካሎሪ ነበረው። በዚያው ሰሞን የዚያው የማክዶናልድስ ቢግ ማክ 540 ነበር። ሌላ ምን ልበል?

አሁን ወደ ዋናው።

«አንገስ ማለት አንደኛ ደረጃ ሥጋ ማለት ነው።»

ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። አንገስ የከብት ዝርያ ነው። መነሻው ሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ነው። ቀንድ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው። በ1873 ጆርጅ ግራንት የተባለ ሰው አራት ኮርማዎች ወደ ካንሳስ አስመጣ፤ በአሥር ዓመቱ፣ በ1883፣ የአሜሪካ አንገስ አርቢዎች ማኅበራቸውን አቋቋሙ። ጥሩ ዝርያ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ስቡም በቀዩ ሥጋ ውስጥ ጥሩ አድርጎ ይሰራጫል። ይህን አልክድም። ግን ዝርያና ደረጃ ለየቅል ናቸው።

ደረጃ የሚሰጠው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ነው። ባለሙያው የታረደውን ከብት በ12ኛውና በ13ኛው የጎን አጥንት መካከል ተቆርጦ ያየዋል። በቀዩ ሥጋ ውስጥ ምን ያህል ስብ እንደተበተነ ያያል፤ ከብቱ ወጣት ይሁን ያረጀም ያያል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ፕራይም፣ ቾይስ፣ ሰሌክት ይላል። አንገስ ሆኖ ሰሌክት የሚወጣ አለ። አንገስ ሳይሆን ፕራይም የሚወጣም አለ። ሜኑ ላይ «አንገስ» ብቻ ተጽፎ ደረጃው ካልተጻፈ ስለ ጥራቱ የተነገራችሁ ነገር የለም።

አገር ቤት ሥጋ ቤት የገባ ሰው ይህ እንዴት እንደሚጠፋው አይገባኝም። የሐረር ሰንጋ ነው ቢባል እንኳ፣ ሰቀላው ላይ ሥጋውን ሳያይ፣ ጮማውን ሳይመርጥ «ቁረጥልኝ» የሚል አባወራ የለም። ያው ሰው አሜሪካ ሲመጣ በስም ብቻ ይገዛል።

ቀጥሎ የሚነሳው ደግሞ «አንገስነቱ ተመርምሮ ነው» የሚለው ነው። ሰዉ የዘር ምርመራ የሚደረግለት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ቆዳው ነው። ከቆዳው 51 ፐርሰንቱ ጥቁር ከሆነ የመጀመሪያውን በር አለፈ። የአንገስ ጥቁረት ደግሞ በዘር የሚያይል ነው፤ ከቀይ ከብት ጋር ቢዳቀልም ጥጃው ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይወለዳል። ሲመንታልና ሊሙዚን የሚባሉት ዝርያዎች ሳይቀሩ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሆነው ይረባሉ። ቀይ አንገስ ግን ደሙ አንገስ ሆኖ በቀለሙ ይቀራል። ለሥጋ ከሚደልበው የአሜሪካ ከብት አብዛኛው ጥቁር ነው። ስለዚህ «አንገስ» ብርቅ ነገር አይደለም። ስሙ ሳይጠራ ብዙ ጊዜ በልታችሁታል።

እውነት ለመናገር፣ ትርጉም ያለው አንድ ምልክት አለ፤ ሰርቲፋይድ አንገስ ቢፍ። የአርቢዎቹ ማኅበር በ1978 የጀመረው ነው። አሥር መስፈርት አለው፣ ከቆዳው ቀለም በኋላ የስቡ ስርጭት ከቾይስ የላይኛው ክፍል በታች እንዳይሆን ይጠይቃል። ያ ምልክት ያለበት ስቴክ ከገዛችሁ የከፈላችሁበትን አግኝታችኋል። ስቴክ ነው ያልኩት።

ምክንያቱም በርገር የተፈጨ ሥጋ ነው! ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔው ሰለቸኝ። የስብ ስርጭት ዋጋ የሚያወጣው ሥጋው ሳይፈጭ፣ በሙሉው ሲጠበስ ነው። ስቡ በጡንቻው ክሮች መሃል ይቀልጥና ሥጋውን ያለሰልሳል። ማሽን ውስጥ ሲገባ ግን ክሩም ስቡም ይፈጫል። ፋብሪካው ቀዩን ከአንድ በኩል፣ ስባሙን ከሌላ በኩል እያመጣ በሚፈልገው ልክ ያመጣጥነዋል። 80 በ20 ከተባለ 80ው ቀይ፣ 20ው ስብ ነው። የምትቀምሱት ይህን ልክ ነው። በላዩ ቺዝ፣ ሶስ፣ ሽንኩርትና ፒክል ተጭኖበት የከብቱን ዘር የሚለይ ምላስ እስካሁን አልገጠመኝም።

የወንድሜ ልጅ «እኔ እለያለሁ» ብሎ ሙጭጭ አለ። ቤት ጠራሁት። ሁለት ጥቅል የተፈጨ ሥጋ ገዛሁ፤ ሁለቱም 80 በ20፣ አንዱ አንገስ የሚል ወረቀት ያለበት። በእኩል ክብደት ጠፍጥፌ እኩል ጠበስኳቸው። ቀመሰና ያለ ምንም ማመንታት አንዱን አነሳ፦ «ይሄ ነው አንገሱ፣ ጠረኑ ራሱ ይናገራል።» ያነሳው ርካሹን ነበር። ልጁ ብልህ ነው፣ ምላሱም ደህና ነው። የሚለይ ነገር ስላልነበረ ነው ያልለየው።

በርገር የሚያጣፍጠውን ከፈለጋችሁ ልንገራችሁ። ስቡ ከ20 ፐርሰንት አይነስ። 90 በ10 ገዝታችሁ «ደረቀብኝ» አትበሉኝ። ጨው ከተፈጨው ሥጋ ጋር አታሹ፤ ሥጋው ይጣበቅና እንደ ቋሊማ ይደነድናል። ጠፍጥፋችሁ ግሪል ላይ ልታደርጉት ስትሉ ላዩ ላይ ብቻ ነስንሱ። ብረቱ በጣም ይጋል። መጀመሪያ ላይ ከሆነ ትጫኑታላችሁ፤ ግማሽ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ግን በማንኪያም በምንም አትጫኑት። ያ ሲንጨረጨር የሚያስደስታችሁ ድምፅ እየፈሰሰ ያለው ጭማቂው ነው። ዳቦውን በቅቤ ጠበስ አድርጉት። ገንዘብ ጨምራችሁ ከምትገዙት ስም ይህ ይበልጣል።

«ሲሶ ፓውንድ ሥጋ በላሁ» የሚለው ደግሞ አለ። ክብደቱ የሚለካው ጥሬውን ነው። ሲሶ ፓውንድ 151 ግራም ያህል ነው፤ ተጠብሶ ሲወጣ ውሃና ስብ ስለሚያጣ ሩብ ያህሉ ይቀንሳል። ማንም አልሰረቃችሁም። በነገራችን ላይ፣ ኤ ኤንድ ደብሊው የሚባለው በርገር ቤት በ1980ዎቹ ሲሶ ፓውንድ በርገር ሲሸጥ ደንበኛው ሲሶ ከማክዶናልድስ ሩብ ፓውንድ ያነሰ መስሎት አልገዛም የሚለው ታሪክ በየቦታው ይነገራል። የተናገረው የዚያን ጊዜ ባለቤቱ አልፍሬድ ታውብማን ራሱ ነው። እንደ ባለቤት ትረካ ስሙት፤ አሜሪካውያን ሒሳብ አይችሉም ለሚል ድምዳሜ ማስረጃ አታድርጉት።

«ኩባንያው ውድ አድርጎ ካወጣው ሰው የሚፈልገው ነገር ነው።» ማክዶናልድስ በ1996 አርች ዴሉክስ የሚባል «ለአዋቂዎች» የተሠራ በርገር አወጣ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማስታወቂያ አፈሰሰ። ሰዉ ግን አልገዛውም። ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው።

«ፍሪዘር የገባ ሥጋ የሞተ ሥጋ ነው።» ማክዶናልድስ በ2018 የኳርተር ፓውንደሩን (የሩብ ፓውንድ በርገሩን) ሥጋ በአሜሪካ አብዛኛው ቅርንጫፍ ፍሪዘር ካልገባ ሥጋ ማዘጋጀት ጀመረ። ሲታዘዝ ስለሚጠበስ ጭማቂው ይሻላል፣ እውነት ነው። ግን ወዲያው በኃይለኛ ቅዝቃዜ በረዶ የሆነ ሥጋ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቀናት ከቆየ «ትኩስ» ሥጋ ይበልጣል። ቅዝቃዜ ጀርም እንደማይገድል ግን እወቁ።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ቀጣዩ ስህተት ሰው ይገድላል።

«ጥሩ ሥጋ ከሆነ መሃሉ ቀላ ብሎ ቢበላ ምን አለበት? እኛ ጥሬ የምንበላ ሕዝብ ነን።»

አንገስ ነው ብለው ለልጆቻቸው መሃሉ ያልበሰለ በርገር የሚያዙ ወላጆች አይቻለሁ። ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ጀርሙ የሚቀመጠው በሥጋው ገጽ ላይ ነው። ስቴክ ሲሆን ገጹ እሳት ሲነካው ይሞታል፣ መሃሉ ቀይ ቢሆን ብዙም አያሳስብም። ሥጋው ሲፈጭ ግን ገጹ የነበረው ወደ መሃል ይገባል። አንድ ፋብሪካ የሚፈጨው ደግሞ የብዙ ከብቶችን ሥጋ ቀላቅሎ ነው። በ1993 ጃክ ኢን ዘ ቦክስ በሚባለው በርገር ቤት በተሸጠ በደንብ ያልበሰለ በርገር ምክንያት ከ700 በላይ ሰዎች ኢ ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ታመሙ። አራት ልጆች ሞቱ። የሚበዛው የታመመው ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ነበር። በዓመቱ፣ በ1994፣ መንግሥት ያ ዓይነት ባክቴሪያ ያለበት የተፈጨ ሥጋ እንዳይሸጥ ከለከለ።

ክትፎን አንስታችሁ አትከራከሩኝ። ክትፎ ከአንድ በሬ ተመርጦ፣ ዓይናችሁ እያየ በቢላ የሚከተፍ ነው። እሱም ቢሆን ኮሶ ያመጣል፤ አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከሱፐርማርኬት በፕላስቲክ የተጠቀለለ የተፈጨ ሥጋ ገዝቶ ለብ ለብ ማድረግ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ቤት የምትሠሩ ከሆነ ቴርሞሜትር ግዙ። ከ15 ዶላር በታች ይገኛል። ከጎን በኩል እስከ መሃሉ አስገቡት፣ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አውጡት። በቀለም አትመኑ፤ ሳይበስል የሚጠቁር ሥጋ አለ፣ በስሎም ቀላ የሚል አለ። የሚወጣው ቀይ ውሃም ደም አይደለም፤ ሥጋውን የሚያቀላው ፕሮቲን ከውሃ ጋር ነው። ለትንሽ ልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት ከዚህ በታች አትስጡ። ምግብ ቤት ለልጅ ስታዙ «ዌል ደን» (በደንብ የበሰለ) በሉ፣ አትፈሩ።

የመጨረሻው የጾም ነገር ነው። ዓቢይ ጾም በገባ ቁጥር ስልኬ የሚጮኸው በዚህ ነው።

«ኢምፖሲብል ዋፐር ሥጋ ስለሌለው የጾም ነው።» በርገር ኪንግ በ2019 በመላው አሜሪካ ያወጣው በርገር ነው፤ የሚጠፈጠፈው ከአኩሪ አተር ነው። እስከዚህ ልክ ናችሁ። ግን እንደወረደ ካዘዛችሁት ማዮኔዝ አለው፣ ማዮኔዝ ደግሞ እንቁላል ነው። ሥጋ በሚጠበስበት እሳት ላይም ነው የሚያልፈው። ያለ ማዮኔዝ፣ ያለ ቺዝ እንዲሆን፣ ከሥጋው ተለይቶ እንዲሞቅም ጠይቁ፤ ይህን ማዘዝ ይቻላል።

ከጎኑ የምታዙትን ጥብስ ድንችም እዩት። አሜሪካ ውስጥ የማክዶናልድስ ድንች ከወተት የሚገኝ ነገር ያለበት የሥጋ ጣዕም ተጨምሮበታል። «ድንች አይደል እንዴ» ብላችሁ ሁዳዴን ሙሉ የበላችሁት እሱ ነው። እንግሊዝ ያለው ግን ከድንች፣ ከአትክልት ዘይትና ከመሳሰለው ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለንደን ያላችሁ ዘመዶቼ በጾም መብላት ትችላላችሁ። ሌላ አገር ያላችሁ የኩባንያው የንጥረ ነገር ዝርዝር ላይ ወተት የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን ሳታዩ አትዘዙ።