«ሙሉ» መድን ለምን ሙሉውን አይከፍልም?

ሦስተኛ ወገን መድን ከአዋጅ ቁጥር 559/2000 ወዲህ ግዴታ ነው። የሚክሰው መኪናዎ በሌላ ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው፤ የደጀንን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን እምቢ ብሎ ከቋጥኝ ቢላተሙ ለራስዎ መኪና አንድ ብር አይሰጥም። ለእሱ ሙሉ መድን ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን ሙሉውን ገዝቶ ነው። አረቦን (ለመድን ድርጅቱ የሚከፍለው ክፍያ) እንዲቀንስ ብሎ የመኪናውን ዋጋ አሳንሶ ያስመዘግባል። ለምሳሌ ባሕር ዳር ገበያ ላይ 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,200,000 ብር ቢመዘገብ መድን የተገባለት 60 በመቶው ብቻ ነው። የቀረውን 40 በመቶ ኪሳራ ባለንብረቱ ራሱ እንደተሸከመ ይቆጠራል። ስለዚህ 300,000 ብር የሚፈጅ ጥገና ሲመጣ፣ ወጪው ከተመዘገበው ዋጋ በብዙ ቢያንስም፣ ካሳው በ60 በመቶ ተሰልቶ 180,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ በውሉ መሠረት ባለንብረቱ በየአደጋው የሚሸፍነው ድርሻ ይቀነሳል። ይህን ድርሻ ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

የመኪና ዋጋ በየጊዜው ስለሚንር አምና ልክ የነበረው ግምት ዘንድሮ ያንሳል፤ ውሉ በታደሰ ቁጥር የወቅቱን ዋጋ ያስመዝግቡ። ከልክ በላይ ከፍ ማድረግም አይጠቅምም፤ ካሳው ከደረሰው ጉዳት አይበልጥምና።

ሁከትና ሽብር የሚያደርሱት ጉዳት በመደበኛው ውል ብዙውን ጊዜ አይካተትም። በተጨማሪ አረቦን የሚገዛ ሽፋን ስለሆነ፣ በተለይ ከከተማ ከተማ የሚመላለስ ሰው በግልጽ ይጠይቅ፤ በውሉ ላይም በጽሑፍ ያስሰፍር።