ኮንፈረንሱ ሲቀየር ልጄስ ምን ይሆናል? ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት በስህተት የምናምናቸው ነገሮች እና እውነታው

በቅርቡ እዚህ ሲያትል አንድ ክርስትና ላይ ነበርኩ። ምሳው ተነስቶ ቡናው ሲፈላ አንድ አባት ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። ልጃቸው ሯጭ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል፤ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ስኮላርሺፕ ሊሰጡት እያናገሩት ነው። «አንደኛው ኮንፈረንስ ቀይሯል ይሉኛል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከገባ በኋላ ደግሞ ቢቀይሩበትስ? ሜዳ ላይ ሊቀር ነው?»

የእህቴ ልጅ በኮሌጅ እግር ኳስ ስለምትጫወት እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል። ጥያቄው የብዙ ወላጅ ስለሆነ ለእሳቸው ያልኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ኮንፈረንስ ሲባል እዚህ ስብሰባ ማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ ለመጋጠም የሚገቡበት ማኅበር ነው። መርሃ ግብሩ የሚወጣው፣ የኮንፈረንሱ ዋንጫ የሚሰጠው፣ ትልቁ የቴሌቪዥን ገንዘብም የሚከፋፈለው በእሱ በኩል ነው። ከሁሉም በላይ ሆኖ አገር አቀፍ ውድድሮቹን የሚመራው ኤንሲኤኤ ነው።

«ኮንፈረንሱ ከተቀየረ ስኮላርሺፑ ይወድቃል»

አይወድቅም። ስኮላርሺፑን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው እንጂ ኮንፈረንሱ አይደለም። የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ፓክ-12 ከሚባለው ኮንፈረንስ ወጥቶ ቢግ ቴን ወደሚባለው ሲገባ የተማሪዎቹ ስኮላርሺፕ አብሯቸው ቀጥሏል። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ደግሞ ዲቪዥን 1 በሚባለው በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ አንድ ልጅ ስለተጎዳ ወይም ብቃቱ ስለወረደ ብቻ ስኮላርሺፑ እንዳይነጠቅ የሚከለክል ደንብ አለ። የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው፤ ቡድኑ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ወደ እሱ እመጣለሁ።

«የሚቀያየሩት የተሻለ ውድድር ፈልገው ነው»

ይሄን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ግን ነገሩን የሚነዳው ቴሌቪዥን ነው፤ ቴሌቪዥን የሚከፍለው ደግሞ በዋናነት ለአሜሪካ ፉትቦል ነው።

እስከ 1984 ድረስ የትኛው የፉትቦል ጨዋታ በቴሌቪዥን እንደሚታይ የሚወስነው ኤንሲኤኤ ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ፈረደላቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ ጨዋታውን ራሱ መሸጥ ጀመረ። ብዙ ተመልካች ያለው ቡድን ብዙ ያወጣል። ስለዚህ ኮንፈረንሶች ጎረቤት መፈለግ ትተው ተመልካች ወዳለበት ከተማ ማማተር ያዙ።

የፓክ-12 ታሪክ ይሄን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ1915 የተመሠረተ የምዕራብ ጠረፍ ኮንፈረንስ ነው። በጁን 2022 መጨረሻ ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ፣ ለቀው ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ ተናገሩ። በዚያው ክረምት ቢግ ቴን ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል ማሰሩን አሳወቀ። ፓክ-12 ግን የረባ ውል ሳያገኝ አንድ ዓመት አለፈው። በጁላይ 2023 ኮሎራዶ ሄደ። በመጨረሻ ከአፕል የቀረበው ውል ጨዋታዎቹን በዋናነት በኢንተርኔት ለተመዝጋቢ የሚያሳይ፣ ክፍያውም ከተመዝጋቢው ቁጥር ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ነበር። ኦገስት 4 ቀን 2023 ዋሽንግተንና ኦሬገን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 ሄዱ። ሴፕቴምበር 1 ላይ ስታንፎርድና ካል (በርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ወደ ኤሲሲ ገቡ። ኤሲሲ የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ ማለት ነው፤ ሁለቱ ያሉት ፓስፊክ ዳር ነው። ከ12ቱ 10ሩ በ15 ወር ውስጥ ወጡ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስፖርተኞቹን የጠየቀ የለም። ብዙዎቹ ዜናውን እንደ እኛው ከስልካቸው ነው ያነበቡት። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«አዲስ የገባ ሁሉ እኩል ይካፈላል»

ኦሬገንና ዋሽንግተን ቢግ ቴን ሲገቡ የተስማሙት ከነባሮቹ ድርሻ ግማሽ ገደማ ለሆነ ገንዘብ ነው። ስታንፎርድና ካል ለመጀመሪያዎቹ 7 ዓመታት 30 በመቶ ብቻ ለመቀበል ፈረሙ። ከቴክሳስ የመጣው ኤስኤምዩ ደግሞ ከኤሲሲ የቴሌቪዥን ገንዘብ ለ9 ዓመት ምንም ላለመውሰድ ተስማማ። የአውሮፕላኑ ወጪ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ነው።

«ጉዞው ሁሉንም ስፖርተኛ እኩል ያደክማል»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው ወላጅ የሚስተው ይሄን ነው።

የፉትቦል ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 12 ጨዋታ አለው። ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ በሜዳው ነው። ሲጓዝ በኪራይ አውሮፕላን፣ በአብዛኛው ቅዳሜን ጠብቆ ነው። ቮሊቦል በሳምንት ሁለቴ ይጫወታል፤ በቢግ ቴን 20 የኮንፈረንስ ግጥሚያ አለው። ሶፍትቦልና ቤዝቦል ለሦስት ተከታታይ ጨዋታ ሄደው እዚያው ይከርማሉ። የሴቶች እግር ኳስም ሳምንቱን ለሁለት የሚከፍልበት ጊዜ ብዙ ነው።

በድሮው ፓክ-12 ለዚህ ጥሩ ዘዴ ነበረ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ጥንድ ጥንድ ነበሩ፤ ዩኤስሲ ከዩሲኤልኤ፣ ስታንፎርድ ከካል፣ አሪዞና ከአሪዞና ስቴት። እንግዳው ቡድን አንድ ጊዜ በርሮ ከሁለቱም ጋር ተጫውቶ ይመለሳል። ሰዓቱም ቢበዛ የአንድ ሰዓት ልዩነት ነው። አሁን የዩሲኤልኤ ልጆች ራትገርስን ለመግጠም ኒው ጀርዚ ድረስ ይሄዳሉ። ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ እንደመሄድ ማለት ነው። ሦስት ሰዓት የሰዓት ልዩነትም አለው።

የእህቴ ልጅ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ከሄዱት አንዱ ነው። ባለፈው መኸር አንድ እሑድ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ እኩለ ቀን ላይ ተጫወቱ። ለእሷ አካል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሲመለሱ መሸጋገሪያው ላይ አውሮፕላን ዘገየባቸው። ፎቶ ላከችልኝ፤ ሶኬት ያለበት ግድግዳ ሥር ስድስት ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ላፕቶፓቸው ጭናቸው ላይ ነው፣ አንዷ ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሄጄ ተቀበልኳት። እናቷ የላከችላትን ድፎ ዳቦ ሰጠኋት፤ ሁለት ጊዜ ጎርሳ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ጣላት። ዳቦው እጇ ላይ ነበር። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት የኬሚስትሪ ላብ ነበራት። ገባች።

ሯጭ ላለው አባት ግን መልሱ ቀለል ይላል። በአገር አቋራጭ ሩጫ ቡድኑ በመኸር የሚሮጠው ጥቂት ውድድር ነው፤ የትኛውን እንደሚሄድ አብዛኛውን አሰልጣኙ ይመርጣል። የኮንፈረንሱ ሻምፒዮና በዓመት አንዴ ነው። የቤት ውስጡንና የውጪውን ትራክ ከጨመርን ሦስት ጊዜ። ወደ አገር አቀፉ የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና የሚያሳልፈው ደግሞ የክልል ውድድር ነው። ክልሎቹ 9 ናቸው፤ የተከፋፈሉትም በመልክዓ ምድር ነው። ዩኒቨርሲቲው የትኛውም ኮንፈረንስ ቢገባ ልጁ ክልሉን አይለቅም።

«አንድ ዩኒቨርሲቲ በሁሉም ስፖርት አንድ ኮንፈረንስ ውስጥ መሆን አለበት»

ያሬድ ንጉሴን ታውቁታላችሁ። በፓሪስ 2024 ለአሜሪካ በ1,500 ሜትር ነሐስ ያመጣው፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ልጅ። በ2019 የኤንሲኤኤን 1,500 ሜትር ሲያሸንፍ ለኖትር ዳም ነበር የሚሮጠው። ኖትር ዳም በሩጫ ኤሲሲ ውስጥ ነው፣ በወንዶች የበረዶ ሆኪ ቢግ ቴን ውስጥ ነው፣ በፉትቦል ደግሞ የየትኛውም ኮንፈረንስ አባል አይደለም። ስለዚህ ፉትቦሉ ለብቻው ገንዘብ ወዳለበት ይሂድ፣ ሌላው ስፖርት ከጎረቤቱ ጋር ይጫወት ቢባል የማይቻል ነገር አይደለም። እኔ በበኩሌ መሆን ያለበት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ብዙ ገንዘብ ከገባ ለትንንሾቹ ስፖርቶችም ይተርፋል»

ይሄኛው ነው ብዙ ቤተሰብ ያስለቀሰው።

ሜሪላንድን እንይ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉ ወገኖቻችን የቅርብ ጎረቤት ነው። በ2012 ክረምት በበጀት እጥረት 7 ቡድኖችን ዘጋ። ዋና በሁለቱም ፆታ፣ የወንዶች ቴኒስ፣ የወንዶች አገር አቋራጭ ሩጫ ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በ1953 ከመሠረተው ኤሲሲ ወጥቶ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄድ ተናገረ። ኤሲሲ የመውጫ 52 ሚሊዮን ዶላር ክፈል ብሎ ከሰሰው፤ በ31.4 ሚሊዮን ታረቁ። የቢግ ቴን ገንዘብ መምጣቱ አልቀረም። የዋና ቡድኑ ግን አልተመለሰም።

ዩሲኤልኤም ቢሆን ቢግ ቴን ሊገባ ሲል የስፖርት ክፍሉ በ2024 የበጀት ዓመት ብቻ ወደ 52 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ነበረበት። በዚያ ላይ ዩሲኤልኤና ካል ሁለቱም በአንድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስለሆኑ፣ መሄዱ ለጎዳው ለካል በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የበላይ ቦርዱ ወሰነ። ከጁን 2025 ወዲህ ደግሞ ሌላ ወጪ መጥቷል። ሐውስ በሚባለው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቀደ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከዚህ አብዛኛው ወደ ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው የሚሄደው። በስምምነቱ ለገቡት ዩኒቨርሲቲዎች የቡድን ቁጥርም ተገድቧል፤ አገር አቋራጭ ላይ 17 ሯጭ ነው። ድሮ ያለ ስኮላርሺፕ ገብቶ በልምምድ ራሱን ያሳይ የነበረ ልጅ አሁን በሩ ጠቦበታል።

ጥለውት የሄዱት ወገን ደግሞ ይብስበታል። ዋሽንግተን ስቴት ከፓክ-12 ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ነው። ሄንሪ ሮኖ የተባለው ኬንያዊ የተማረው እዚያ ነው። በ1978 ተማሪ ሳለ በ81 ቀን ውስጥ 4 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ 3,000 ሜትር መሰናክል፣ 3,000፣ 5,000 እና 10,000። የእነ ምሩፅ ይፍጠር ዘመን ሰው ነው። በጁን 2025 ያ ዩኒቨርሲቲ የአትሌቲክስ ቡድኑን ወደ ረጅም ርቀት ብቻ እንደሚያዞር አስታወቀ። ውርወራና ዝላይ ተዘጋ፤ አጭር ርቀትና መሰናክልም ተቀነሰ። ረጅም ርቀት ሯጩ ተረፈ። ዲስከስ ወርዋሪዋ ዕቃዋን ሰብስባ ሌላ ቤት ፈለገች።

«ካልተመቸው ይዛወራላ!»

ደንቡ ይፈቅዳል። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ትምህርቱ ደህና የሆነ ተማሪ ስንት ጊዜም ቢዛወር ወዲያው መጫወት ይችላል። ችግሩ የወሰደው ኮርስ ሁሉ አዲሱ ቦታ አለመቆጠሩ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሲጀምር ከዲግሪው 40 በመቶ፣ አራተኛ ዓመት ሲጀምር 60 በመቶ ያልጨረሰ አይጫወትም። ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ሁለት ጊዜ ተዛውሮ ይሄን ማሟላት ከባድ ነው። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ ደግሞ የቪዛ ወረቀቱም አብሮ መዛወር አለበት፤ ስሙንና ምስሉን ለማስታወቂያ አውሎ ገንዘብ ለማግኘትም የሥራ ክልከላው ስላለበት ሳይፈርም ጠበቃ ያማክር።

«ፓክ-12 አበቃለት»

አላበቃም። ኦሬገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ፍርድ ቤት ሄደው የኮንፈረንሱን አመራር በእጃቸው አስገቡ። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ቦይሲ ስቴት፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ ፍሬስኖ ስቴት፣ ሳንዲያጎ ስቴት፣ ዩታ ስቴት፣ ቴክሳስ ስቴት፣ በቅርጫት ኳሱ የሚታወቀው ጎንዛጋም ተጨምረው አዲስ ኮንፈረንስ ይሆናል። መለያየቱም ለዘለዓለም ላይሆን ይችላል። ቴክሳስና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ከ2011 በኋላ በፉትቦል ሳይገናኙ ቆይተው፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ወዳለበት ኤስኢሲ ወደሚባለው ኮንፈረንስ ስለገባ በ2024 እንደገና ተጋጠሙ።

አባትየው ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ከአሰልጣኙ ያለፈውን መኸር መርሃ ግብር ጠይቀው ተቀብለዋል። ማዕድ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ልጁ ከክፍል የሚቀርባቸውን ቀናት በእስክሪብቶ አክብበው ቆጠሩ፤ 6 ሆኑ። «ስድስት ይቻላል» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «ጾም ሲሆንስ መንገድ ላይ ምን ይበላል?» አሉ። ይሄንንም አሰልጣኙን ይጠይቁ አልኳቸው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲጭር በስልኩ ተሰማኝ።